ክንፍ ማጠፍ ቀላል ነው፣ ችግሩ ኪሎው ነው

ባለፈው እትም በበረራ ላይ ሳሉ ቅርፃቸውን ስለሚቀይሩ አውሮፕላኖች ባጭሩ ነካ አድርገን አልፈን ነበር። ባጭሩ መንካታችን አላዋጣንም፣ ጥያቄ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨፍልቄ፣ ስድቡን ቀንሼ፣ የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት አውሮፕላን አየር ላይ እያለ ቅርፁን ይቀይራል? ወይስ ፊልም ላይ የምናየው ዓይነት ነገር ነው? (ከባህር ዳር)

ይቀይራል። ያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

በ1899 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ ዊልበር ራይት ብስክሌት ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር እያወራ ነው። እጁ ላይ ባዶ የካላማዳሪ ካርቶን ይዟል። ሳያስበው ካርቶኑን ሲያጣምመው አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሲዞር አየ። ክንፍስ እንዲህ ቢጣመም? አንዱ ክንፍ ብዙ አየር ይይዛል፣ ሌላው ትንሽ፣ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ያዘነብላል። በዚያው ዓመት በካይት ሞከረው፣ ሠራ። ከወንድሙ ከኦርቪል ጋር ሠርተዋት በ1903 ኪቲ ሆክ ላይ ለ12 ሰከንድ የበረረችው አውሮፕላን ክንፏ የሚጣመም ነበር። አብራሪው በሆዱ ተኝቶ ዳሌውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያንቀሳቅስ ሽቦዎቹ ክንፉን ይጎትቱታል።

ታዲያ ለምን ተዉት? ፍጥነት መጣ። ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ ለስላሳ ክንፍ በፍጥነት ሲሄድ አየሩ ራሱ ያጣምመዋል፣ ፓይለቱ ያላዘዘውን ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ክንፉ ግትር እንዲሆን ተደረገና ጫፉ ላይ በማጠፊያ የምትንቀሳቀስ ቁራጭ ተገጠመችለት። ኤይለሮን የምንላት እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው መቶ ዓመት ባብዛኛው ግትር ክንፍ ላይ ቁርጥራጭ የመለጠፍ ታሪክ ነው፤ አሁን መሐንዲሶቹ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ወደ ካርቶኑ እየተመለሱ ነው።

ጥያቄ፦ የደብረ ዘይት ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም 60ን አልፏል። በወጣትነታችን ሚግ-23 ክንፉን ሰብስቦ ሲያልፍ ቆመን እናይ ነበር። ያን ጊዜ የተቻለ ነገር ዛሬ በመንገደኛ አውሮፕላን ለምን አልታየም? (ከቢሾፍቱ)

ጋሼ፣ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ደስ ያለኝ የእርስዎ ነው። ትንሽ ልዘርዝር።

በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ተዋጊ አውሮፕላን ሚግ-23 ክንፉን ወደ ኋላ በ3 ደረጃ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ 16፣ 45 እና 72 ዲግሪ። ፓይለቱ ራሱ በእጁ ማንሻ ይመርጣል። የአሜሪካው ኤፍ-14 ደግሞ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ባለው መካከል ኮምፒውተር እያሰላ ያመጣዋል፣ ፓይለቱ ሥራው ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዝግ ባለ ፍጥነት አውሮፕላን ረጅምና ቀጥ ያለ ክንፍ ይፈልጋል፤ በአጭር መንደርደሪያ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል፣ ነዳጁም ይበረክታል። ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ ግን ያው ክንፍ ጠላት ይሆናል። ከፊቱ ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ ያጣል፣ ይጨናነቃል፣ ጎታች ኃይሉ በአንድ ጊዜ ይንራል። ክንፉ ወደ ኋላ ሲጣል ይህ ችግር ይዘገያል። ሁለቱንም ለማግኘት ክንፉን ማንቀሳቀስ ነበረባቸው።

አሁን ሂሳቡን ይዩት። ክንፉ የሚዞርበት መጋጠሚያ የአውሮፕላኑን ሙሉ ክብደት ይሸከማል፣ አውሮፕላኑ በኃይል ሲዞር ደግሞ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ። ስለዚህ ግዙፍ ይሆናል። የኤፍ-14 ይህ ክፍል በታይታኒየም የተበየደ ትልቅ ሳጥን ነው። የሚያዞሩት ሞተሮች አሉ። ክንፉ ውስጥ የሚገቡት የነዳጅ ቧንቧዎች አብረው መዞር አለባቸው። ክንፉ ሥር የተንጠለጠለ ነገር ካለም ወይ አብሮ እየዞረ ወደ ፊት ማየት አለበት፣ ወይ እዚያ ባይሰቀል ይሻላል። በዚህ ላይ ክንፉ ወደ ኋላ ሲሄድ አውሮፕላኑን የሚያነሳው ኃይልም ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አፍንጫው ይደፋል፣ ጅራቱ ወደ ታች እየተጫነ ማመጣጠን ይኖርበታል፤ ያም ራሱ ሌላ ጎታች ኃይል ነው። ለሰኔ ዝናብ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ጃንጥላ ተሸክሞ እንደሚዞር ሰው ማለት ነው።

በመንገደኛ አውሮፕላንም ተሞክሯል፣ ሰው አያስታውሰውም እንጂ። በ1966 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን እንዲሠራ ቦይንግን መረጠ። ቦይንግ 2707 ይባላል። ያሸነፈበት ንድፍ ክንፉ የሚንቀሳቀስ ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። መሐንዲሶቹ ወደ ዝርዝሩ ሲገቡ ግን ማጠፊያው እየከበደ፣ ማጠፊያውን ለመሸከም ሌላው አካል እየከበደ፣ ያን ለማንሳት ነዳጁ እየበዛ ሄዶ መጨረሻ ላይ ለመንገደኛ የሚተርፍ ኪሎ ጠፋ። በ1968 የሚንቀሳቀሰውን ክንፍ ጥለው ወደ ግትር ክንፍ ተመለሱ። በ1971 ኮንግረሱ ገንዘቡን አቆመና አውሮፕላኑ አንድም ቀን ሳይበር ቀረ።

ኮንኮርድ በተመሳሳይ ዘመን ብልጥ ሆና አለፈች። ክንፏን አልነካችም፣ አፍንጫዋን ብቻ። ለማረፍ ስትመጣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ስለምትገባ ፓይለቱ መንደርደሪያውን ማየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ አፍንጫዋ 12.5 ዲግሪ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ትንሽ እንቅስቃሴ፣ ትልቅ ጥቅም። እኔን ከጠየቁኝ የዚህ ሙያ ዋናው ጥበብ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ለእረፍት ወደ አገሬ ስመለስ መስኮት ጋ ተቀምጬ ነበር። ልናርፍ ስንል የክንፉ ኋላ ተከፋፍቶ በመሃሉ ቀዳዳ ታየኝ! ጫፉ ደግሞ ወደ ላይ ይለመጣል። ባጠገቤ ያለችው ሴትዮ ስማቸው ያልጠራችው መልአክ የለም። ይሰበራል እንዴ? (ከሪያድ)

አይሰበርም እህቴ፣ ሴትዮዋንም አይዞሽ በያት።

የተከፋፈለው ፍላፕ ይባላል። ቅርፅ መቀየር ማለት ይሄው ነው፣ በየቀኑ በሺዎች በሚቆጠሩ በረራዎች ላይ ይሠራል። ለማረፍ ፍጥነት ሲቀንስ ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሰዋል፣ ስለዚህ ክንፉ ይሰፋል፣ ይጎብጣልም። ቀዳዳው ስህተት አይደለም። ከክንፉ ሥር ያለው አየር በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ላይኛው ገጽ እንዲወጣና እዚያ የደከመውን አየር እንዲገፋው ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ያ ባይኖር አየሩ ከፍላፑ ላይ ተገንጥሎ ይሄድና ክንፉ ማንሳት ያቆማል።

መለመጡስ? የተሳፈርሽበት ድሪምላይነር ከነበረ ክንፉ ካርቦን ፋይበር ነው፣ በበረራ ላይ ጫፉ ወደ 3 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ቢወጣ ጤናው ነው። በ2010 ቦይንግ አንዱን መሬት ላይ አስሮ በበረራ ሊገጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጫና አንድ ተኩል እጥፍ ጭኖበት ነበር። ጫፉ ወደ 7.6 ሜትር ተለመጠ፣ አልተሰበረም። ይህንን አውሮፕላን ወደ አፍሪካ መጀመሪያ ያስገባው የኛው አየር መንገድ ነው፣ በ2012።

አሁን ደግሞ ማንም የማያየውን ልንገርሽ። ድሪምላይነር ከባሕር ወለል በላይ 11 ሺህ ሜትር ላይ ሆኖ፣ ሁሉም ተኝቶ፣ የምግቡ ትሪ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የክንፉ የኋላ ጠርዝ በጣም በትንሹ ወደ ላይና ወደ ታች ይስተካከላል። ኤርባስ ኤ350ም እንዲሁ ያደርጋል። ለምን መሰለሽ? አውሮፕላኑ ሲነሳ በነዳጅ ከባድ ነው፤ በረጅም በረራ ላይ በደርዘን የሚቆጠር ቶን ነዳጅ እያቃጠለ ይቀላል። ለከባዱ አውሮፕላን ትክክል የነበረው ጉብጠት ለቀላሉ ትክክል አይደለም። ኮምፒውተሩ እያየ በጥቂቱ ያስተካክለዋል። ለዚህ ሥራ አዲስ ማጠፊያ አልተጨመረም፣ ድሮም ያለው ፍላፕ ነው በሌላ ፕሮግራም የሚታዘዘው። ጭማሪው ኪሎ ጥቂት ነው፣ ነዳጅ ግን ይቆጥባል። ሚግ-23ን እንደወደድነው ይህንን የሚወድ ሰው የለም፣ ፎቶም አይነሳም፤ ያሸነፈው ግን እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ክንፉ የሚታጠፍ ቦይንግ አዟል ሲባል ሰማን። መሃል አየር ላይ ቢታጠፍስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዱባይና ከአዲስ አበባ፤ ሁላችሁም ያው ጥያቄ ነው የላካችሁት)

777-9 ነው። አየር መንገዱ በ2024 መጋቢት ወር ላይ 8 አውሮፕላን ለማዘዝ መስማማቱን አስታውቋል፣ እስከ 12 የመጨመር መብትም ይዟል።

ክንፉ የሚታጠፈው መሬት ላይ ብቻ ነው። ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ 71.75 ሜትር ይሆናል፣ ሲታጠፍ 64.85 ሜትር። ቁጥሩ ለምን ከ65 ትንሽ እንደሚያንስ ካሰባችሁት መልሱን አገኛችሁት፤ እስከ ዛሬ ያሉት 777ዎች የሚቆሙበት በር የተሠራው ከ65 ሜትር ለማይሰፋ ክንፍ ነው። ረጅም ክንፍ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ረጅም ክንፍ ግን በሩ ጋ አይገባም። ስለዚህ ጫፉን አጠፉት።

ከመነሳት በፊት ክንፉ ካልተዘረጋና ካልተቆለፈ ለፓይለቱ ማስጠንቀቂያ መድረስ አለበት። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ክንፍ ብቻ በ2018 ልዩ መመዘኛ አውጥቷል። በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ አውሮፕላኑን ከነሰዉ ሊያጠፋ የሚችል ብልሽት በ1 ቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከ1 ጊዜ ያነሰ ዕድል ብቻ እንዲኖረው ነው የሚጠየቀው። ይህ ቁጥር የብዙ የሚያምሩ ንድፎች መቃብር ነው። አንድ ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆምስ? አንዱ ጎን ተንቀሳቅሶ ሌላው ቢቀርስ?» የሚለውን ሁሉ መመለስ ግድ ነው፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቁልፍ፣ ተጨማሪ ሞተር፣ ተጨማሪ ኪሎ ነው።

ጥያቄ፦ ቁርጥራጭ ከመለጠፍ ክንፉን በሙሉ እንደ ጎማ ከሚተጣጠፍ ነገር ለምን አይሠሩትም? (ከመቀሌ)

እየሞከሩ ነው። ችግሩ ጥያቄው ውስጥ አለ። ክንፍ ሁለት የሚጣሉ ነገሮችን አንድ ላይ ይጠየቃል፤ አየሩ ሲጫነው ግትር እንዲሆን፣ እኛ ስናዘው ደግሞ እንዲለመጥ። ጎማ ሁለተኛውን ይችላል፣ የመጀመሪያውን አይችልም። ብረት በተቃራኒው።

ከሞከሩት ሁሉ የበሰለ የሚመስለኝ የስሪዳር ኮታ ሥራ ነው። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ናቸው፣ ፍሌክስሲስ የሚባል ኩባንያም መሥርተዋል። ሐሳባቸው ማጠፊያ የሌለው ነገር ግን ሙሉ አካሉ በጥቂቱ የሚለመጥ ፍላፕ ነው። ልምጠቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም፣ በሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ ይከፋፈላል፣ ስለዚህ ቁሱ ቶሎ አይደክምም። ናሳ በ2014 ኅዳር ላይ የአንድ ገልፍስትሪም 3 ጀትን ፍላፕ አውጥቶ ይህንን ገጠመለትና በረረ። ከ2 ዲግሪ ወደ ላይ እስከ 30 ዲግሪ ወደ ታች ድረስ ሞከሩት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በነዚያ በረራዎች ፍላፑ አየር ላይ አልተንቀሳቀሰም። በየበረራው አንድ ማዕዘን ላይ ቆልፈው ነው የወጡት። ጥንቃቄ ነው፣ ያስመሰግናቸዋል፤ ግን «የሚለመጥ ክንፍ በረረ» የሚል ርዕስ ስታነቡ ይህንን አስታውሱ።

ቀዳዳ የሌለው መሆኑ ያላሰቡት የሚመስል ጥቅምም አለው፣ ጸጥታ። ለሪያዷ እህታችን የነገርኳት ቀዳዳ አየሩን ያፏጫል። ናሳ በ2018 እንዳስታወቀው ይህ ፍላፕ ከማረፊያ እግሩ መሸፈኛዎች ጋር ተደምሮ ሲያርፍ ከአካሉ የሚወጣውን ድምፅ ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። የሞተሩን ሳይጨምር ማለት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚኖር ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ሌላው መንገድ ቅርፁን የሚያስታውስ ቅይጥ ነው፣ የኒኬልና የታይታኒየም። ሲሞቅ ወደተማረው ቅርፅ ይመለሳል፤ ሃይድሮሊክ የለ፣ ቧንቧ የለ፣ ዘይት የለ። ናሳ በ2018 እንዳስታወቀው በአንድ ሰው አልባ አውሮፕላን ላይ የክንፉን ጫፎች በዚህ ቅይጥ እስከ 70 ዲግሪ አጥፎ አብርሯል፣ ከተለመደው ዘዴ እስከ 80 በመቶ ድረስ ክብደት ሊቀንስ ይችላልም ብሏል። ድክመቱ ማቀዝቀዝ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ በሰከንዶች ታሞቀዋለህ፣ ሲቀዘቅዝ ግን በራሱ ሰዓት ነው። ስለዚህ ለዝግተኛ ሥራ ይሆናል፣ አውሮፕላኑ በነፋስ ሲናጥ ለማረጋጋት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ወፍን ዝም ብሎ መቅዳት አይቻልም? (ከደሴ)

በትንሹ ይቻላል። በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 40 እውነተኛ የርግብ ላባ ያለው ትንሽ ሮቦት አብርረዋል። ላባዎቹ ሲዘረጉ ለምን እንደማይለያዩም አዩ፤ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሏቸው፣ ክንፉ ሲዘረጋ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ሲታጠፍ ይላቀቃሉ።

ግን ርግብ ላባዋ ሲሰበር አዲስ ታበቅላለች። 250 ቶን የሚመዝን አውሮፕላን አያበቅልም። ክንፉም ውስጥ ነዳጅ አለ፣ ይህንን ሰው ይረሳዋል። የምታጥፈው ክንፍ ያው የነዳጅ ታንክህ ነው።

ጥያቄ፦ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ክንፉ ቅርፁን የሚቀይር ትንሽ ሞዴል ልሠራ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር? (ከሐዋሳ)

ከክንፉ አትጀምር። ሁሉም ከክንፉ ይጀምርና በሚያምር ሥዕል ያልቃል፤ ኢንተርኔት ላይ ቀልጦ የፈሰሰ የሚመስል አውሮፕላን ሞልቷል፣ አንዱም አይበርም።

መጀመሪያ ሞዴሉ የሚሠራውን ሥራ ወስን። ለምሳሌ ቀስ ብሎ እየዞረ ረጅም ሰዓት መቆየት፣ ከዚያ በፍጥነት ሄዶ መመለስ። እነዚህ ሁለት ሥራዎች የተለያየ ክንፍ ካልጠየቁ ቅርፅ መቀየር አያስፈልግህም፣ ርዕስ ቀይር። ከጠየቁ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ግትር ክንፍ ለየብቻ አስላ። ከዚያ ለሁለቱም በመጠኑ የሚሆን አንድ ግትር ክንፍ አስላ። የአንተ ተፎካካሪ ይህ ሦስተኛው ነው። ቅርፁን የሚቀይረው ክንፍህ ከሱ የሚያተርፈውን ኃይል ቁጥር አድርገህ ጻፈው። ቀጥለህ ሰርቮዎቹን (ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች)፣ ሽቦውን፣ ማጠፊያውን፣ ለነሱ የሚጨመረውን ባትሪ ሚዛን ላይ አስቀምጥ። ያንን ክብደት ይዞ መብረር የሚጠይቀው ኃይል ካተረፍከው ይበልጣል? ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ቢበልጥም አትደንግጥ፣ በቁጥር ካሳየኸው ጥሩ ሥራ ነው። መምህራን «ሠራ» የሚል ወረቀት ብዙ አይተዋል፣ «በዚህ መጠን አያዋጣም፣ ምክንያቱም» የሚል ግን ብርቅ ነው።

ሙሉ ክንፍ የሚለወጥ ነገር አትምረጥ። የኋላውን ጠርዝ ብቻ ያዝ። በፎም መሥራት ትችላለህ፣ የሚለመጠውን ክፍል በስስ ፕላስቲክ። የላይኛው ሽፋን ሲለመጥ እንዳይሸበሸብ የታችኛውን ወገን ክፍት ተወውና እንዲንሸራተት አድርገው፤ ብዙዎች ሁለቱንም በሙጫ ያጣብቁና ሰርቮው ይቃጠላል።

ከመብረርህ በፊት ደግሞ ሆን ብለህ አበላሸው። የአንዱን ክንፍ ሰርቮ ንቀልና የኋላ ጠርዙ ወደ ታች ተለምጦ እንዲቀር አድርግ፣ የሌላውን ቀጥ አድርገህ ተወው። ከዚያ መኪና ላይ አስረህ ወይም ማራገቢያ ፊት አስቀምጠህ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚያዘነብል ለካ። ኤይለሮኑ ያንን መመለስ ካልቻለ የልምጠቱን መጠን ቀንስ፣ መመለስ እስኪችል ድረስ።